የበይነ መረብ መምህርና የመመሪያው ቃላት

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በበይነ መረብ አማካይነት የሚያስተምሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለተማሪዎቻቸው በአማርኛ መመሪያ ሲጽፉ የሚጠቀሙባቸውን ጥቂት ቃላት ነው። የከፍተኛ ትምህርታችን የማስተማሪያ ቋንቋ በአመዛኙ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ይህ ጉዳይ የአማርኛን የስያሜ ሠራተኛ ምን ያገባዋል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በአንድ በኩል የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት በራሱ በአማርኛ የሚሰጥ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሌሎቹ የትምህርት ክፍሎችም ቢሆን መምህሩ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ማሳሰቢያውን፣ የፈተናውን ሰዓትና የሥራውን አቀራረብ በአማርኛ የሚያስረዳበት ጊዜ ብዙ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ይህን በማናቸውም ኮምፒዩተርና ስልክ መጻፍ እየቀለለ ስለሄደ፣ ቀድሞ በቃል ያልፍ የነበረው ማሳሰቢያ ዛሬ በጽሑፍ ይቀመጣል።

የጉዳዩ ክብደት ያለውም እዚህ ላይ ነው። በመማሪያ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ሁለት ትርጕም ያለው ቃል ቢናገር ብዙ ጉዳት አያደርስም። የተማሪው ፊት ግር መሰኘቱን ያሳብቃል፤ አንዱ እጁን ያወጣል፤ መምህሩም በእጁ ጠቁሞ ወይም በሰሌዳው ላይ ጽፎ ያቃናዋል። በበይነ መረብ የተለቀቀ መመሪያ ግን ይህ ሁሉ ረዳት የለውም። ተማሪው በሌሊት፣ ብቻውን፣ የሚጠይቀው ሰው በሌለበት ያነበዋል፤ እንደ ተረዳውም ያደርጋል። ቃሉ ሁለት መንገድ ካለው ከተማሪዎቹ ገሚሱ በአንዱ፣ ገሚሱም በሌላው ይሄዳል፤ በተሳሳተው መንገድ የሄደውም የሚያጣው ነጥብ የዕውቀቱ ጕድለት ሳይሆን የቃሉ ጕድለት ነው። ስለዚህ በዚህ መስክ አንድን ስያሜ የምንመዝነው በሥርወ ቃሉ ክብር ሳይሆን፣ አንባቢው ቃሉን አይቶ አንድ ነገር ብቻ ለማድረግ በመቻሉ ሊሆን ይገባል እንላለን።

በመጀመሪያ ስለ ትምህርቱ ዓይነት መጠሪያ እንናገር። ተማሪና መምህር ሳይገናኙ የሚሰጠውን ትምህርት አማርኛ አስቀድሞ «የተልእኮ ትምህርት» ብሎታል። (በልማድ «ተልዕኮ» ተብሎ በዐይኑ «ዐ» ይጻፋል እንጂ ሥሩ የግዕዙ «ለአከ» ስለሆነ በአልፋው «አ» መጻፍ ነበረበት።) ስያሜው ነገሩን ጥሩ አድርጎ ይገልጸው ነበር፤ ትምህርቱ በእርግጥ የሚላክ ነገር ነበርና። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን እ.ኤ.አ. በ1840 የአጭር ጽሕፈት ትምህርቱን በፖስታ ሲሰጥ፣ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳም እ.ኤ.አ. በ1946 በተልእኮ ማስተማር ሲጀምር፣ ሥራው የተመሠረተው በሚሄድና በሚመለስ ወረቀት ላይ ነበር። በኋላ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና የድምፅ ካሴቱ ሲጨመሩ «ተልእኮ» ጠበበና «የርቀት ትምህርት» ቦታውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበለው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የዚህ ዓይነቱ አሠራር ዋነኛ ምሳሌ ነው።

«ርቀት» ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ቃሉ በአማርኛ የቦታ መለኪያ ነው፤ ሰሚው ወዲያው ኪሎ ሜትር ያስባል። የትምህርት ሊቁ ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ባዳበረው ንድፈ ሐሳብ፣ በዚህ ዓይነት ትምህርት ውስጥ ዋናው ርቀት የቦታ ሳይሆን በመምህሩና በተማሪው መካከል ያለው የመግባባት ክፍተት መሆኑን፣ ይህም ክፍተት እንደ ውይይቱ መጠን፣ እንደ ትምህርቱ አወቃቀርና እንደ ተማሪው ራስን የመምራት ችሎታ የሚሰፋና የሚጠብ መሆኑን አስረድቷል። ይህን ሐሳብ «የመግባባት ርቀት» ብንለው አማርኛው ይሸከመዋል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ አምስት መቶ ተማሪ ሰብስቦ ሲያነብላቸው የሚውል መምህር በዚህ መለኪያ እጅግ ሩቅ ሊሆን እንደሚችል ልብ ይሏል።

በመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በተወሰነ ጊዜ መምህራን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደዚህ መስክ ተገፉ። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበር። በዚያው ወር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 2020፣ ቻርልስ ሆጅስና አራት ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባወጡት ጽሑፍ፣ አስቀድሞ ታቅዶ በተዘጋጀ የበይነ መረብ ትምህርትና በችግር ምክንያት ለጊዜው ከክፍል በወጣ ትምህርት መካከል ልዩነት መደረግ እንዳለበት አሳሰቡ፤ ለሁለተኛውም የተለየ ስም ሰጡት። ስሙን ቃል በቃል «የአስቸኳይ ጊዜ የርቀት ማስተማር» ማለት ይቻል ነበር። ይሁንና «አስቸኳይ ጊዜ» በአገራችን ሕዝብ ጆሮ የአዋጅ ስም ሆኗል፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ወረርሽኙን ለመከላከል የታወጀውም በዚሁ ስም ነበር። ስለዚህ «የችግር ጊዜ ማስተማር» የሚለውን እንመርጣለን። ከሕዝቡ አነጋገር «የክፉ ቀን ማስተማር» ቢባል ይበልጥ ያምር ነበር፤ ለደንብና ለመመሪያ ግን አይመችም። ዋናው ነገር ሁለቱ አንድ ስም እንዳይኖራቸው ነው። በክፉ ቀን በጥድፊያ የተሠራውን አይተው «የበይነ መረብ ትምህርት ይህ ከሆነስ ይቅርብን» ያሉ ሰዎች የፈረዱት ባላዩት ነገር ላይ ነውና።

«ኦንላይን» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ እንደ ውሰት ቃልም ቢቀር የሚከፋ አይደለም። የሚያሠጋን እርሱን ለመተካት ሲባል የተፈጠረው «የቀጥታ መስመር ትምህርት» ነው። «ቀጥታ» በሬዲዮና በቴሌቪዥን አማርኛ ተይዟል፤ «የቀጥታ ሥርጭት» ማለት ድርጊቱ በሚፈጸምበት ሰዓት የሚተላለፍ ማለት ነው። «የቀጥታ መስመር ትምህርት» የተባለ ተማሪ መምህሩን በዚያው ሰዓት አገኘዋለሁ ብሎ ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ከሳምንት በፊት የተቀዳ ሊሆን ይችላል። በዚህ አካሄድ «ቀጥታ ያልሆነ የቀጥታ መስመር ትምህርት» የሚል ነገር ለመጻፍ እንገደዳለን። «በይነ መረብ» ከዚህ የተሻለ ነው። የግዕዙ «በይነ» (መካከል) ከአማርኛው «መረብ» ጋር ተጣምሮ የተሠራው ይህ ቃል ስለ መሣሪያው እንጂ ስለ ሰዓቱ የሚናገረው ነገር የለም። ስለ ሰዓቱ ለብቻው እንናገርለታለን።

ስለ ሰዓት የምንናገረው ረዘም ይላል፤ ከባዱ ችግር ያለው እዚህ ስለሆነ። የውጭ ሊቃውንት የበይነ መረብን ትምህርት «ሲንክሮነስ» እና «ኤሲንክሮነስ» ብለው ይከፍሉታል። የመጀመሪያው መምህርና ተማሪ በተመሳሳይ ጊዜ የሚገኙበት፣ ሁለተኛው ግን እያንዳንዱ በተመቸው ጊዜ የሚሠራበት ነው። መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት አገር ይህ ልዩነት የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው የግድ በሰዓቱ መገኘት አለበት ወይስ መስመሩ ሲመለስ ሊደርስበት ይችላል የሚለውን የሚወስን ነው። ለዚህ ከግዕዝ ወጥቶ «ኅቡረ ጊዜ» የመሰለ ስያሜ መሥራት አይገድም፤ ነገር ግን የፊዚክስ ተማሪ ቃሉን ለማወቅ መዝገበ ቃላት ከገለጠ ስያሜው ሥራውን አልሠራም። ከአማርኛ ወጥቶ «የአንድ ሰዓት ትምህርት» የተባለ እንደሆነስ? ይህ ደግሞ ሦስት ትርጕም አለው፤ ስልሳ ደቂቃ የሚፈጅ ትምህርት፣ በአንድ ሰዓት ማለት ጠዋት ወይም ማታ የሚጀመር ትምህርት፣ እና ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት የሚገኙበት ትምህርት። ቃሉ ቀላል ስለሆነ ብቻ ግልጽ አይሆንም። እኛ «የጋራ ሰዓት ትምህርት» እና «የየግል ሰዓት ትምህርት» የሚሉትን እናቀርባለን። «ለጋራ ሰዓት ትምህርት ሐሙስ እንገናኝ፤ የቀረውን በየግል ሰዓታችሁ አንብቡ» ብሎ የጻፈ መምህር ማብራሪያ መጨመር አያስፈልገውም።

ከዚህ ጋር የማስረከቢያ ሰዓት አጻጻፍ ይነሣል። የዓለም አቀፍ የማስተማሪያ ሶፍትዌሮች የቀን መቍጠሪያ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የሥራ ማስረከቢያውም ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በፊት አንድ ደቂቃ ሲቀር «11፡59» ተብሎ ይሰየማል። ይህን ቍጥር እንዳለ ገልብጦ «ሌሊት 11፡59» ብሎ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መላክ አደገኛ ነው። በአገራችን አቈጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ሊነጋ ሲል ነው። በዚያ ያመነ ተማሪ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣና በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። መጻፍ የሚገባው «ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ» ነው።

ቀኑም እንዲሁ ያሻማል። «ማክሰኞ እኩለ ሌሊት» ሲባል ማክሰኞ የሚጀምርበት ነው ወይስ የሚያልቅበት? እንግሊዝኛው ራሱ በዚህ ይቸገራል። አማርኛ ግን ለዚህ የቈየ መፍትሔ አለው፤ «አጥቢያ»። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ያለ ሰው ሁለቱን ቀኖችና በመካከላቸው ያለችውን ሌሊት አንድ ላይ ስለሚጠራ የሚያሻማ ነገር አይተውም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕለት ከዋዜማው ምሽት ስለሚጀምር «የረቡዕ ሌሊት» ሲባል አንዱ ረቡዕን የቀደመውን፣ ሌላው ረቡዕን የሚከተለውን ሊያስብ ይችላል፤ «አጥቢያ» ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል። እንግዲህ ሙሉው መመሪያ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት አቈጣጠር» የሚል ይሆናል። የመጨረሻው ሐረግ ትርፍ አይደለም፤ ከዋሽንግተን ሆኖ ለሚከታተል ተማሪ ልዩነቱ በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ግሡ እንምጣ። በኮምፒዩተር አማርኛ ውስጥ እንደ «ጫነ» የተጐሳቈለ ግሥ ያለ አይመስለንም። የመጀመሪያ ትርጕሙ በአጋሰስ ጀርባ ላይ ዕቃ ማኖር ነው። ከዚያ በጣት ተጭኖ ቍልፍን ወደ ታች መግፋት መጣ። ኮምፒዩተር ሲመጣ አንድን ፕሮግራም በመሣሪያው ላይ ማኖር «መጫን» ተባለ፤ ቀጥሎም ፋይልን ከራስ መሣሪያ ወደ በይነ መረብ ማውጣት ያው «መጫን» ሆነ። «ሥራችሁን ጨርሳችሁ ፋይሉን ጫኑ» የሚል ማሳሰቢያ ያነበበ ተማሪ ፋይሉን በጣቱ ነክቶ ሲከፈትለት የታዘዘውን የፈጸመ ቢመስለው አንፈርድበትም፤ ቋንቋው እንዲህ ብሎታልና።

እንግዲህ ትርጕሞቹ መከፋፈል አለባቸው። ለቍልፉ «መጫን»ን እንተውለት፤ ጣትና ቍልፍ ከዚህ ቃል ጋር ተላምደዋልና። ፕሮግራምን በመሣሪያ ላይ ማኖር «መትከል» ሊባል ይችላል። ፋይልን ወደ በይነ መረብ ማውጣትን አንዳንዶች «መስቀል» ይሉታል፤ እኛም ይህን እንደግፋለን። ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣትን ያሳያል፤ «ማውረድ» ለሚለው ተቃራኒም ይስማማል። መስቀል ከበዓሉና ከእምነቱ ምልክት ጋር ይጋጫል የሚል አስተያየት ሰምተናል። ነገር ግን ስሙና ግሡ ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ ልብሱን የሰቀለ ሰው ማንንም አላደናገረም። መምህሩ ማስታወቂያ ሲያወጣ ደግሞ «መለጠፍ» አለ፤ ውጤት በግድግዳ ላይ ከሚለጠፍበት ዘመን የወረስነው ጥሩ ቃል ነው።

መስቀል ብቻውን ግን ሥራውን አይጨርስም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውና በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሥርዓት፣ መምህሩ እንዲያ ብሎ ካዘጋጀው፣ ተማሪው ፋይሉን ከሰቀለ በኋላ ሌላ ቍልፍ እስኪጫን ድረስ ሥራውን እንደ ረቂቅ ይይዘዋል። ፋይሉ በቦታው አለ፤ ተማሪው ያየዋል፤ ነገር ግን ገና አልቀረበም። ሁለቱንም ድርጊት «ማስገባት» ብለን ከጠራን ተማሪው የመጀመሪያውን ፈጽሞ ይተኛል፤ በተጨማሪም «የይለፍ ቃል ማስገባት» የሚል ሦስተኛ «ማስገባት» አለብን። ለመጨረሻው እርምጃ «ማስረከብ» ከሁሉ የተሻለ ነው። ርክክብ በመሥሪያ ቤት አማርኛ የታወቀ ነው፤ ንብረት ያስረከበ ሰው ከዚያ በኋላ አይነካካውም፣ ኀላፊነቱም ወደ ተረካቢው ይዞራል። «ሰቅያለሁ፤ ግን አላስረከብሁም» የሚል ተማሪ ያለበትን ቦታ በትክክል ተናግሯል።

ስለ ትእዛዝ አንቀጽም አንድ ነገር እንጨምር። በአማርኛ የተዘጋጁ ብዙ የኮምፒዩተር ገጾች ቍልፎቻቸውን «ላክ»፣ «ግባ»፣ «አውርድ» እያሉ በተባዕት ነጠላ ይሰይማሉ። ሴት ተማሪዎች ይህን ለምደው አልፈውት ይሆናል፤ ቋንቋው ግን በዚህ መልክ እንዲናገራቸው የሚያስገድድ ነገር የለውም። አማርኛ የመሣሪያና የቦታ ስም የሚያወጣበት የራሱ ምዕላድ አለው፤ መጻፊያ፣ መግቢያ፣ መቀመጫ እንደምንል ሁሉ ቍልፉን «መላኪያ»፣ «ማውረጃ»፣ «ማስረከቢያ» ብንለው ጾታም ቍጥርም አይነካውም፤ ቍልፍ መሣሪያ ስለሆነም ሰዋስዉ በትክክል ያርፋል። («መስቀያ» የልብስ መስቀያን ማስታወሱ አይቀርም፤ ይሁን።) በመመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ ሲጽፍ «አስረክቡ»፣ በሥራ ላይ ላሉ አዋቂ ተማሪዎች በግል ሲጽፍ «ያስረክቡ» ቢል ይበቃል። በአንድ ገጽ ላይ ከ«አስረክብ» ወደ «አስረክቡ»፣ ከዚያም ወደ «ያስረክቡ» መዝለል ግን የተለያዩ ሰዎች የታዘዙ ያስመስላል።

ከሐሳባዊ ስያሜዎች አንዱን ብቻ እንንካ። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የነበሩት ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ፣ በበይነ መረብ የሚማር ማኅበረሰብ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት አመልክተዋል። እነርሱም የዕውቀት፣ የማኅበራዊ ግንኙነትና የማስተማር «ፕረዘንስ» ናቸው። ሦስተኛው መምህሩ ትምህርቱን በማቀድ፣ ውይይቱን በመምራትና በቀጥታ በማስረዳት እዚያው መኖሩን ለተማሪው የሚያሳይበት ነው። ይህን «መገኘት» ብንለው ከስም መጥሪያው ጋር ይጋጫል። «ሀልዎት» ያልን እንደሆነ ደግሞ የነገረ መለኮት ጠረን ይከተለዋል፤ ስለ ፈጣሪ ህልውና የሚነገረውን ቃል ለሒሳብ መምህር መስጠት ከበድ ይላል። በሕዝቡ አነጋገር ግን «አለሁ ባይ» የሚባል ሰው አለ፤ በችግር ጊዜ ሲጠሩት የሚደርስ። ስለዚህ «የመምህሩ አለሁ ባይነት» እንላለን። ይህ ስያሜ መምህሩ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግም ይነግረዋል፤ በሳምንቱ መጀመሪያ ሁለት መስመር መጻፍ፣ ለጥያቄ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመልስ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ባለው ቀንም መመለስ።

«ግብረ መልስ» ተላምዷል፤ እንዳለ ይቀመጥ። «ቅጂ» ግን የተቀዳ ድምፅና ምስልም፣ የአንድ ሰነድ ግልባጭም ስለሆነ፣ መምህሩ ለሁለተኛው «ግልባጭ» የሚለውን ቢይዝ ይሻላል።

በመጨረሻ ወደ ዐዲሱ ነገር እንምጣ። ቻት ጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ማሳሰቢያ የተለመደ ሆኗል። «አስተውሎት» ለመኪናው የተሰጠ ትልቅ ማዕርግ መሆኑን ለጊዜው እንተወው፤ የማሳሰቢያው ሕመም ያለው «መጠቀም» ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ አንድን አንቀጽ ወደ አማርኛ መልሶ ለመረዳት በመሣሪያ ቢያስተረጕም ተጠቀመ ይባላል? የፊደል ግድፈቱን ቢያሳርምስ? «ኩረጃ» የሚለው የቈየ ቃልም አይደርስለትም፤ ኩረጃ ከሌላ ሰው ወረቀት መገልበጥ ነው፤ እዚህ ግን የተገለበጠበት ሰው የለም። ለዚህ ዐዲስ ስም ለመፍጠር ከመጣደፍ በፊት ቋንቋው በእጁ ያለውን መሣሪያ ማየት ይገባል። የአማርኛ የአድራጊነት ግሥ ሥራውን የሠራው ማን እንደሆነና ያሠራው ማን እንደሆነ ለይቶ ይናገራል፤ ጻፈና አስጻፈ፣ ተረጐመና አስተረጐመ፣ አረመና አሳረመ። መምህሩ ማሳሰቢያውን እንዲህ ሊጽፈው ይችላል፤ «ይህን ሥራ በመሣሪያ ማስጻፍ ክልክል ነው። ምንባቡን ለመረዳት ማስተርጐም ይፈቀዳል። የጻፋችሁትን ማሳረም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ያሳረማችሁትን ከመጀመሪያው ረቂቃችሁ ጋር አያይዛችሁ አስረክቡ።»